ሲያርፍ የሚንቀጠቀጥ እጅ

ከጭሮ የወጣሁ ዕለት አመሻሹ ላይ አባዬ ሊመርቀኝ እጁን አናቴ ላይ ጫነ። «እግዚአብሔር ከፊትሽ ይቅደም» ሲለኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ቦርደዴ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ ያ መንቀጥቀጥ ከአናቴ አልወረደም። ነጠላዬን ጥብቅ አድርጌ ተከናነብኩ፤ አልለቀቀኝም።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። መርፌ ሲይዝ እጁ ቀጥ ይላል፤ ጭኑ ላይ ሲያሳርፈው ግን ይጀምረዋል። እኛ አገር ደግሞ እጅ ከተንቀጠቀጠ የጫት ሐራራ ነው፣ አለቀ። አባዬ ቅጠሉን ቀምሶ አያውቅም። ጎረቤቱ «ደብቆ ይቅማል» ሲል ከርሞ እማዬም ተሸነፈችና የበዴሳ ጫት ገዝታ አቀረበችለት። ምን ያህል እንዳኮረፋት አትጠይቁኝ።

እዚህ ኖርዌይ ከመጣሁ በኋላ የእኔም እጅ ጀመረ። አከራዬ የመቻራን ቡና ለለመደ ሰው እጣቢ የሚመስል ቡና ሰጠችኝ፤ ኩባያውን ሳነሳ ግማሹ ፈሰሰ።

«በርዶሽ ከሆነ ካልሲ ደርቢ» አለችኝ፤ «ማሞቂያውን ግን እንዳትነኪ።»

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ሰዓት የሚመስል መሣሪያ የእጄ አንጓ ላይ አሰረ። ኩባያ ሳነሳ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይዘላል፤ እጄን ጭኔ ላይ ሳሳርፍ ይተኛል። ስልኬ ላይ ያለውን የአባዬን ቪዲዮ አሳየሁት። የአባዬ አውራ ጣት የማይታይ ክር ይፈትላል።

«የእርስዎ እጅ ሲሠራ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ የአባትዎ ሲያርፍ» አለኝ በአስተርጓሚ። «የተለያየ ነው። የእሳቸው ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ በሽታ ይመስላል፤ ሐኪም ይያቸው፣ መድኃኒት አለው።»

«እኔንስ ይይዘኝ ይሆን?»

«እጅዎ አርፎ ሳለ ከተንቀጠቀጠ ይመለሱ።»

ቅዳሜ ቤት ደወልኩ።

«አባዬ፣ ሐራራ አይደለም፤ በሽታ ነው። የሚታከም ነው።»

 «ቆይ፣ ለእናትሽ ድገሚላት» አለና ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተጣራ። ሳቄ መጣ። ወዲያው ጣቱ ስልኩን ሲመታው ሰማሁ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ደስ አላለኝም።

«ሐኪም ቤት ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ ልጄ። ያንቺስ እጅ?»

ስልኩን በግራ እጄ ይዣለሁ። ቀኜ ጭኔ ላይ አርፏል። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ አውራ ጣቴ ከእሱ ጣት ጋር እኩል ይመታል።

«ደህና ነው አባዬ» አልኩት።

እጄን አንስቼ አናቴ ላይ ጫንኩት። ልክ አባዬ እንደመረቀኝ ዕለት ነበር።