በደንብ ልብስ ላይ ጥቁር ነጠላ

ትሕትና ኃይለመስቀል በ፲፱፻፺፰ ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ዕድሜዋ አሥራ አራት ነበር። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት በነበረው ክረምት አዲስ አበባ ያያት ሐኪም የጎበጠ አከርካሪዋን የሚያቀና ጠንካራ የፕላስቲክ መደገፊያ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ አሰረላት። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ ከሥሩ ስስ ካናቴራ፣ ከላዩ ሰፊ ልብስ፣ ቁመቷ ማደጉን እስኪያቆም ድረስ።

በመንዟ ብርዳም ከተማ በሞላሌ ግን በስስ ካናቴራ የሚወጣ የለም። እናቷ ወይዘሮ ተሾመች ብርዱን ፈርተው ከመደገፊያው ሥር የበግ ጠጉር ሹራብ አለበሷት፤ መደገፊያው ላላ፣ ሹራቡም ጎኗን ላጠው። ሹራቡ ወጥቶ ከላይ ሲደረብ ደግሞ የደንብ ልብሱ ሸሚዝ አልቆለፍ አለ።

«የማንን ልክ ልውሰድ? ያንቺን ወይስ የዕቃውን?» አሏት ልብስ ሰፊው አቶ ተገኘ፣ ሜትራቸውን በእጃቸው እንዳንጠለጠሉ።

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ።»

በመጨረሻ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ጉርድና ከላዩ የሚለቀቅ ሰፊ ሸሚዝ ሰፉላት። ለብሳው ተቀመጠች፤ ተነሣች፤ እንደገና ተቀመጠች። ምንም አላመማትም።

ርዕሰ መምህሩ ግን ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ሰልፍ መካከል ጠራት። «ሸሚዝ ወደ ውስጥ!»

«ሲገባ ያፍነኛል፣ ጋሼ። መቀመጥ አልችልም።»

«ደንብ ለአንድ ሰው አይታጠፍም። ውጪ!»

አላወቀም እንዳይባል፣ ወይዘሮ ተሾመች በምዝገባው ቀን ፊቱ ቆመው ሁሉን አስረድተውታል፤ እርሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰምቷል። ልጆቹ ጀርባዋን እንደ በር እያንኳኩ «ቤቶች!» ሲሉ መስማቱም አይካድም። ያንን የሚከለክል ደንብ አላገኘም።

በማግስቱ እናቷ የሸሚዙን ጫፍ የሚሸፍን ነገር ፈለጉ። ቤት ውስጥ የተገኘው ሰፊ ልብስ ለእናታቸው ሐዘን ያስጠቆሩት ነጠላ ብቻ ነበር። ትሕትና እርሱን ደርባ ስትደርስ ዘበኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆቡን አወለቀ። ርዕሰ መምህሩ ራሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። ግቢ፣ ግቢ።»

ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ይኖር እንደሆነ አየች። ማንም አልነበረም። ሸሚዙ ያው የትናንቱ ሸሚዝ ነው፤ እንደ ትናንቱም አልገባም። ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ያንኳኳ የለም።

«ማን ሞተባችሁ?» አለቻት አብራት የምትቀመጠው ጽናት።

«ማንም።»

«እንዴ! ታዲያ ለምን አትነግሪውም?»

«ትናንት እውነቱን ብነግረው አይደል ያባረረኝ?»

በዚያ አገር ሐዘንተኛን ስለ አለባበሱ የሚጠይቅ የለም፤ ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረትም ነውር ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን በሙሉ አሰልፎ ወደ ቤቷ ወሰደ። ትሕትና ከኋላ ተከተለች፤ ምን ብላ እንደምታስቆማቸው አላወቀችም።

ወይዘሮ ተሾመች ደጅ ላይ ገብስ ያበጥሩ ነበር።

«መርዶውን ዘግይተን ሰማን፣ ወይዘሮ ተሾመች።»

«የማንን መርዶ?»

ባላቸው በማለዳ በግ ሊሸጡ መሐል ሜዳ ገበያ ሄደው ነበር። ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ። «ኃይሌ! ኃይሌ!» የሚለው ጩኸት ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ። የሚያለቅሰው ብዙ፣ የሚጠይቀው ጥቂት ሆኖ ቆየ። ትሕትና «እማዬ፣ ማንም አልሞተም! ነጠላው ነው!» እያለች ብትጮኽም በለቅሶው መካከል የሰማት አልነበረም። ኋላ አቶ ኃይለመስቀል ያልተሸጠ በጋቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉ፤ የሕዝቡን ብዛት አይተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ለማን እንደሆነ ሳያውቁ ማልቀስ ጀመሩ።

ነገሩ ሲጣራ እናትዮዋ ነጠላውን ከልጃቸው ትከሻ ገፈፉና መደገፊያውን በጣታቸው አንኳኩ። «ይኸን ልሸፍንላት ብዬ ነው። ነግሬዎት አልነበረም?»

ርዕሰ መምህሩ አቀረቀረ። ያፈረ መሰላቸው።

በማግስቱ ትሕትናን ቢሮው አስጠርቶ ውሳኔውን አስታወቃት። ይቅርታ አልነበረበትም። ጥቁር ነጠላ የሚፈቀደው ለሐዘን ነው፤ ለሐዘንም እስከ አርባ ቀን ነው፤ ለወገብ የተጻፈ ደንብ የለም። ስለዚህ እስከ አርባው ትልበስ፤ ከዚያ በኋላ ሸሚዝ ወደ ውስጥ።

ትሕትና ወደ ቤት ተመለሰች። እናቷ ነጠላውን ተቀብለው ሲያጥፉ ግራ ተጋብታ ተመለከተቻቸው።

«እማዬ፣ ከአርባው በኋላስ ማን ይሙት?»