ወልደ ሚካኤል ላይ የቆመው ቆጠራ

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እህቴ ትርፌ ሳን ሆዜ በሚገኘው ቤቷ፣ ሽማግሌዎች ፊት ሰባት ቤት መቁጠር ጀምራ ሦስተኛው ስም ላይ አቋረጠች።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ልጇን ቢሌንን ለህዝቅያስ ለመጠየቅ ነበር። የህዝቅያስ አባት አቶ አስራት ቀድመው ቆጠሩ፦ አስራት፣ ተድላ፣ ወልደ ሚካኤል፤ የቡልጋ ሰው፣ ዓደን ወደብ ሠርቶ አገሩ የተመለሰ። በየዝግጅቱ የሚያወሩላቸው አያታቸው ናቸው። ትርፌ ቀጠለች፦ ትርፌ፣ ሳህሉ፣ ወልደ ሚካኤል። አራተኛውን አልጠራችም።

ሳህሉ አባታችን ነው። ተድላ የሚባል ታላቅ ወንድሙ በልጅነቱ ለባቡር ሥራ ድሬዳዋ ወርዶ በዚያው እንደቀረ ሰምተን አድገናል። እንግዲህ ሙሽሮቹ የሁለት ወንድማማቾች የልጅ ልጆች መሆናቸው ነው። በእኛ ዘንድ ከሰባት ቤት ወዲህ የሚገናኝ አይጋባም።

ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጣው ፓስተር ይህ የአገር ልማድ እንጂ የእግዚአብሔር ቃል እንዳልሆነ አስረዳት። አቶ አስራትም በዚህ በረቱ። ህዝቅያስ የስቴቱ ሕግ እንደሚፈቅድ ሲነግራት፣ ስቴቱ ቡልጋ ተወልዶ እንደሆነ ጠየቀችው። ቢሌን ደግሞ "ማም፣ ጀስት ዱ ኤ ዲኤንኤ ቴስት" አለቻት።

"የአያቴን ስም በምራቅ አላጣራም" አለች ትርፌ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀመጥ አልሆነላትም። በምትሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ አንድን አልጋ ሁለቴ ታነጥፋለች። ምድጃ ላይ የጣደችውን ትታ መኪና ታስነሳለች። ቡልጋ እየደወለች ዘመድ ታስጨንቃለች፤ የሚመልሱላት ግን አንድ ነው፦ ወልደ ሚካኤል ከባሕር ማዶ ሲመለስ ልጅ፣ ተድላን፣ ይዞ መጣ፣ ሚስቱም ተቀበለችው፣ ማንም አልጠየቀም። እኔን ደግሞ ይህ ማስረጃ ይበቃል ወይ ትለኛለች። ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነውና፣ የልጁ እናት እስክትታወቅ ድረስ በዘር ሐረጋችን ላይ ምንም አልጽፍም አልኳት። "አንቺ እስክትጽፊ ልጄ ታረጃለች" አለችኝ።

በመጨረሻ ቴሜስካል ሰፈር ሄደች፣ ጋሼ ሓሚድ ዘንድ። ጋሼ ሓሚድ ዓደን ተወልደው ያደጉ ኤርትራዊ ናቸው፤ የአባታቸው ሻይ ቤት የሐበሻ ወዛደር ሁሉ ማረፊያ ነበር። ወልደ ሚካኤል እዚያ ሚስት አግብቶ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"ሚስት?" አሉ እየሳቁ። "የቡልጋው ሰውዬ? አንድ አልጋ ላይ ከሦስት ወንድ ጋር እየተኛ የት ያስቀምጣታል?"

እንደነገሯት ልጁ የጓደኛው ነበር። ጓደኛው መርከብ ላይ ከሰል ሲሸከም ወድቆ ሞተ፤ እናቲቱ ቀድማ ሞታለች። ወልደ ሚካኤል የሟቹን አደራ ተቀብሎ፣ ሕፃኑን ትከሻው ላይ አድርጎ አገሩ ገባ፤ ስሙንም ሰጠው። የጋሼ ሓሚድ አባት ልጆቻቸውን አደራ ሲያስተምሩ የሚያነሱት ይህንን ነበር።

"የሟቹስ ስም?" አለች ትርፌ።

"አባቴ የነገረኝ የተሸከመውን ነው፣ ልጄ። የሞተውን አልነገረኝም።"

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ደወለችልኝ፤ መጀመሪያ ሳቀች። የደም ዝምድና የለም፤ ልጆቹ ይጋባሉ። ቀጥሎ ሌላው ገባት። ይህን ብታወጣው ልጇን ትድራለች፤ ግን የአቶ አስራትን አያት ትወስድባቸዋለች፣ በምትኩ የምትሰጣቸው ስም እንኳ የላትም። በዚያ ሳምንት ከሳን ሆዜ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ አልባኒ ወደሚገኘው ቤታቸው እየነዳች ደጃፋቸው ስትደርስ ትመለስ ነበር። አንድ ቀን አቶ አስራት ቆሻሻ ሊያወጡ ወጥተው አገኟት።

ስለ ዝናቡ አወራች። እሳቸው አቋረጧት።

"ሓሚድ ጋ ሄደው ነበር አሉ።"

"ሄጄ ነበር።"

"እንግዲያ ያውቃሉ።" አባታቸው ሲሞት ነግረዋቸው፣ ለማንም እንዳይናገሩ አስምለዋቸው ነበር። "የዚያን ቀን ተድላ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ። ፓስተሩ ያሳልፈናል ብዬ ጠበቅሁ።"

ትርፌ እስከዚያ ሰዓት እርስዎ ስትላቸው ኖራለች።

"ለጋብቻ አንገናኝም" አለች። "ለሰርግና ለለቅሶ ግን የአጎቴ ልጅ ነህ።"

አቶ አስራት ሽማግሌዎቹን ራሳቸው ሰብስበው ተናገሩ። ይህንንም የጻፍኩት እሳቸው ስለፈቀዱልኝ ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ትርፌ ሜይ 15 ጠዋት ለሥራ ስትለባብስ ወድቃ ሞተች። ሰርጉ ከአርባዋ በኋላ እንዲሆን ገፋነው። ለቅሶው ላይ አቶ አስራት ከቤተሰብ ጋር ተቀመጡ፤ ምኗ ናቸው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የሞተችበትን ቀን ዋዜማ አጣርቻለሁ። ከሥራ ወጥታ፣ በዚያ ትራፊክ፣ አልባኒ ያለችው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደች። ሰፊዋ ታስታውሳታለች፤ የቆመችው በር ላይ ነው፣ ቁልፏን እያንቃጨለች። የወሰደችው የወንድ ሱፍ ነበር፣ እጅጌው እንዲረዝም የተሰጠ። የማን ነው ስትባል "ማይ ከዝን" አለች። ከዚያ ይዛው ስትሄድ አቶ አስራት ቤት አልነበሩም። መልእክቷ እስካሁን ስልካቸው ላይ አለ፦ "አስራት፣ ሱፍህን በርህ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጤዛ ሳይነካው አስገባው።"