በጾም የወፈረችው እህቴ

በቀደም ባሕር ዳር አንዲት ሐኪም ክንዴን በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው ጮህኩ። ከቆዳዬ ስር እንደ ባቄላ የምትንከባለል እብጠት አግኝታ ነው። ሕመሙ ሳይበርድልኝ፣ የቢቸናው ቤታችን የሣር ፍራሽ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ። በዚያ ፍራሽ ላይ ከታላቅ እህቴ ጋር እንተኛ ነበር። በእንቅልፍ ልቤ ክንዷን ስነካት ሰቅጠጥ ይላታል።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እህቴ ሞጣ ተድራ ሄዳ፣ በሁዳዴ መካከል ሣጥኗን ይዛ ከጭነት መኪና ወረደች። ፊቷ የጥንቱ ነው፤ ክንዷና ጭኗ ግን ቀሚሷን ወጥሮታል። ይዘዋት የመጡት ሽማግሌ፣ “አማቷ ‘ጦም ትገድፋለች’ ብላለች። ሰው ሁሉ ሲከሳ እሷ ትወፍራለች” አሉ።

“አልገደፍኩም” አለች እህቴ፣ አንገቷን እንደደፋች።

እናቴ ማንን ትመን? ካንድ ሳህን እንድንበላ፣ እህቴ እጇን ስታነሣ እኔም እንዳነሣ አዘዘችኝ። ጾሙ ሲፈታ እኔ ጉንጬ ጎድጉዶ ነበር። የእህቴን ክንድ ግን እጅጌው አላስገባ አለው። ካንድ ሳህን በልተን! ነገሩ ዞረብኝ።

በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ፣ “ሰፊው ሕዝብ እየከሳ የሚወፍር ማነው?” ብሎ ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ አልሄደችም። ጠበል ተጠመቀች፤ ለውጥ የለም። አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ደግሞ እግሯን አገላብጦ አይቶ፣ “ዝሆኔ እንዳልለው የእግርሽ መዳፍ አላበጠም። በይ ምግብ ቀንሺ” አላት።

እህቴ ሳቀች። “ከዚህ በላይ ምን ልቀንስ ወንድሜ?”

ባሏ አንዴ ከሞጣ መጥቶ፣ “ነይ፣ ቤትሽ ግቢ” አላት።

“ለራሴ ያልገባኝን ገላ ይዤ የት እገባለሁ?” አለችው። ብቻውን ተመለሰ። እሷም ሌላ ሳታገባ፣ እናቴ ጎን ኖራ አረፈች።

የባሕር ዳሯ ሐኪም የእህቴን ነገር ስነግራት፣ “ከመብላት የሚመጣ ውፍረት አይደለም። ስቡ ራሱ ያለ ሥርዓት እየበቀለ፣ እየጓጎለ ያምማል። ብዙ ሰው አይይዝም፤ ካንድ ቤት ግን ሁለት ሰው ሊይዝ ይችላል። ጾምም አያከሳውም” አለችኝ።

በማግስቱ ቢቸና ወረድኩ። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ድምፄን ሰምታ ነው የለየችኝ። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኳት።

“አለመግደፏንማ ኋላ አውቄው ነበር” አለች። ቀጥላም፣ “ሲነኩት ያምማል ነው ያልሽኝ?”

“በጣም እንጂ።”

እናቴ መዳፎቿን ጭኗ ላይ ዘረጋች።

“አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ ቅቤ ቀብቼ አሻት ነበር” አለች። “እብጠቱ እንዲሟሽሽ ብዬ፣ ባለ በሌለ ጉልበቴ። አንድ ቀንም ‘ተይኝ’ አላለችኝ።”