ያልተቀመሰው እንስላል

ቅድም ከገበያ ያመጣሽውን ጎመን ስቀነጥስ መሃሉ አንድ ዘለላ እንስላል ተደባልቆ አገኘሁ። ባለጎመኗ ሳታየው አብራ አስራው ይሆናል። ሳላስበው በጣቶቼ አሸት አደረግኩትና ያ ጣፋጭ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። አንቺም «እማማ፣ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» አልሽኝ። ምንም አልሆንኩም። አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው፤ ደግ ሰው እንዳይመስልሽ።

ቤታችን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ጠዋት የቅዳሴው ዜማ ይሰማናል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለገበያ የሚነዱት ከብቶች አቧራ በአጥሩ ቀዳዳ እየገባ ልብሳችንን ይሸፍነዋል። እናቴ እንስላሉን የተከለችው ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ የእቃ እጣቢ በሚደፋበት ጥግ ነበር። እጣቢው ተስማምቶት ከኔ ቁመት በላይ ይመዘዛል። ቢጫ አበባው ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ንቡ ሁሉ እዚያ ነው። ሕፃን ሆዱን ሲቆርጠው፣ አራስ ወተት ሲያንሳት፣ ይልቁንም ሽንት የከለከለው ሰው ሲመጣ ቅጠሉንና ሥሩን ቀቅላ ትሰጣለች። ከመስጠቷ በፊት ግን ሁልጊዜ ከዋንጫው በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ጠላም ሆነ ጠጅ ሳይቀመስ ለሰው አይሰጥም፤ መድኃኒት ሳይቀምሱ መስጠትማ «መርዝ ነው» ብሎ እንደመናገር ነበር የሚቆጠረው።

ያ ትዝ ያለኝ ሰው የአባቴ ማኅበርተኛ ነበር። ወር በገባ በልደታ ቀን ከአባቴ ጋር ከአንድ ጽዋ ይጠጣል፣ ከአንድ መሶብ ይቆርሳል፣ እኔን ሲያገኘኝ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ «ይቺ ልጅ አደገች እኮ» ይላል። ጣሊያን ሲገባ ግን ቀድሞ ያደረለት እሱ ነው። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ አንድ ጠዋት ካሚዮን ደጃችን ቆመ። ነጮቹ አባቴን በመልክ አያውቁትም። ለአርበኞች ጥይት እንደሚልክ ከማኅበርተኞቹ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰውየው ከካሚዮኑ ወርዶ በሌባ ጣቱ ወደ አባቴ ጠቆመ፤ አንድ ቃል እንኳ አልተነፈሰም። አባቴን በርኖሱን እንደደረበ ጫኑት፣ ሰውየውም አብሮ ተሳፈረ። ከሰዓት በኋላ ብቻውን በእግሩ ተመለሰ። የአባቴን በርኖስ ደርቦ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ያላንኳኳችው በር አልነበረም። መሞቱንስ በርኖሱ ነግሯታል። አስከሬኑን ነበር የምትፈልገው። ባሏ ፍትሐት ሳይደረግለት፣ አፈር እንኳ ይልበስ አይልበስ ሳይታወቅ መቅረቱ ከሞቱ ይልቅ ከበዳት። የት እንደጣሉት የሚያውቅ አበሻ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም በየቀኑ በደጃችን ያልፋል። መንገድ ላይ ጠብቃ እግሩ ላይ ወድቃ ለምናዋለች። «እኔ ምን አውቄ? ነጮቹን ጠይቂ» ብሏት አለፈ፤ ያውም የአባቴን በርኖስ እንደለበሰ!

እኔ ያኔ አጎጠጎጤ ልጃገረድ ነበርኩ። ማድረግ የምችለው ሌላ ስላልነበረኝ ተሳልኩ። «ልደታዬ፣ እሱን ድፊልኝ፤ የቁመቴን ጧፍ አገባልሻለሁ» አልኩ። እመቤታችን እንዲህ ያለ ስለት ትቀበል እንደሆነ ቄስ አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ የሚሉኝን አውቀዋለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ሰውየውን ሽንት ከለከለው። ጌቶቹ ወደ ሐኪማቸው ልከውት፣ ሐኪሙም ቀጭን ቱቦ ከቶበት ነበር አሉ፤ ደም ሸንቶ ተመለሰ፤ ዳግመኛ ወደዚያ አልሄድም ብሎ ማለ። ጩኸቱ አጥር ዘሎ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እሰይ! ራቴን በዚያ ጩኸት ነበር የምበላው።

መጀመሪያ ሚስቱ መጣች። ደህና ሴት ነበረች፤ ከባሏ ጋር አንድ አድርጌ አላያትም። ነጠላዋን አደግድጋ በራፍ ላይ ቆመችና «እህቴ፣ እንስላሉን ስጭኝ፤ ሰውየው ሊሞትብኝ ነው» አለች። እናቴ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «መድኃኒቱ ለበሽተኛው ነው፤ ራሱ ይምጣ» አለቻት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ደግፋው መጣ። ወገቡ ታጥፎ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ፣ መደቡ ላይ በአንድ ጎኑ ተቀመጠ። እናቴ «ሥሩን ቆፍረሽ አምጪ» አለችኝ። ቆፈርኩ፤ እያንዳንዱን ሥር ስመዝ ምነው መርዝ በሆነ እያልኩ ነበር። ድስቱ ሲንተከተክ ቤቱ በእንስላሉ ሽታ ታወደ። ሰውየው ዐይኑን ከድስቱ ላይ አልነቀለም። እናቴ አጥልላ ዋንጫው ላይ ቀዳችና ዘረጋችለት። አልቀመሰችም።

የሰውየው እጅ መንገድ ላይ ቀረ።

«ቅመሽልኝ እንጂ፣ እህቴ።»

«እቀምሳለሁ» አለች እናቴ። «መጀመሪያ ባሌን የት እንደጣላችሁት ንገረኝ።»

እንደ ድሮው አላውቅም አላለም። ሕመሙ ለዚያ ጊዜ አልሰጠውም። «ቅመሽልኝና ልጠጣ፤ ቀለል ሲለኝ እነግርሻለሁ።»

«ቀለል ሲልህማ እኔን የት ታውቀኛለህ? አሁን ንገረኝ።»

«ከነገርኩሽ በኋላ ምን ትፈልጊኛለሽ? አስጠጥተሽ ትገድይኛለሽ።»

«እኔ እንዳንተ አይደለሁም።»

«በልደታ ይዤሻለሁ፣ ቅመሽ!»

«በልደታ? አብረኸው ጽዋዋን ስትጠጣ የነበርክ ሰው!»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከውጭ የሚሰማ ሰው ስለ ሸማ ዋጋ የሚከራከሩ ይመስለዋል። ሚስቱ ግን አልቻለችም። «ስለ ፈጣሪ! እኔ ልቅመስለት» ብላ እጇን ወደ ዋንጫው ሰደደች። እናቴ ዋንጫውን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«አንቺ አትቀምሽም። አንቺ ምንም አልበደልሽኝም» አለቻት።

የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። ይኸን ቃል እንዴት እንደሰማው ወዲያው ገባኝ፤ መርዝ ባይሆን ለምን ትከለክላታለች ብሎ ነው። መደቡን ተደግፎ ተነሳ። «እንሂድ» አላት ሚስቱን። በሩ ላይ አንዴ ቆመ፤ ለእኔም ለእናቴም የሚናገር መሰለን። የቆመው ግን ሕመሙ ጠንቶበት ኖሯል። ከብቶቹ ባስነሱት አቧራ መሃል፣ ሚስቱ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ።

እናቴ እስኪርቁ ድረስ በራፉ ላይ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ተመልሳ ዋንጫውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። «እንስላል ነው» አለች፤ ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። «እንስላል ብቻ እኮ ነው።»

ካደግኩ በኋላ ሚስቱን ለምን እንደከለከለቻት ጠይቄያታለሁ። «እሷ ብትቀምስለት ጠጥቶ ይሄድ ነበር። እሱን ማናገሪያ በእጄ የነበረኝ ያ ብቻ ነበር» አለችኝ። ቢጠጣው ኖሮ ይድን ነበር ወይ ብትይኝ እኔ እንጃ። ብዙ ሰው ድኖበታል፤ ያልዳነበትም አለ።

ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። እሰይ አልኩ፤ ዛሬም እሰይ እላለሁ። አንቺ እንደሆንሽ «እማማ፣ ይቅር በይ» ማለትሽ አይቀርም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ልጄ፤ ያ የጠቆመበት ጣት እስካሁን እዚህ ግንባሬ ላይ አለ። ቤት ውስጥ የነበረውን ሰም ለቅሜ፣ ጎረቤትም ለምኜ፣ የቁመቴን ጧፍ አስጠመዘዝኩና ልደታ ወሰድኩ። የተቀበሉኝ ቄስ «የምን ስለት ነው?» ሲሉኝ «እሷ ታውቀዋለች» ብያቸው ወጣሁ።

ቤት ስመለስ ግን እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ነበር። ደሜ ፈላ። «ለሱ ነው የምታለቅሺው?» ብዬ ጮህኩባት፤ በእናቴ ላይ ጮሄ አላውቅም ነበር።

«ለአፉ ነው» አለችኝ። «የአባትሽን ነገር ይዞ የሄደው አፉ።»

ለቅሶውን ሄዳ ደረሰች። ሰው ጉድ አለ፤ ግድ አልሰጣትም። ሚስቱን ለብቻዋ ጥግ አስይዛ ጠየቀቻት። «ስንቴ ለመንኩት መሰለሽ» አለቻት ሚስቱ። «ንገራትና ነፍስህ ትረፍ አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረብኝ።» እንዲህ አድርጎ ነው የተበቀለን። ለሱ ፍትሐት ተደረገለት፤ ልደታ ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ደረሰው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አጥንት ተገኘ በተባለበት ሁሉ እናቴ ሄዳለች። ወንዝ ዳር ሲቆፈር ሄዳለች፣ ድንጋይ በሚፈነቀልበት ሄዳለች። የአባቴ የፊት ጥርስ ስብር ነበርና የራስ ቅሎቹን ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ታያለች። ማታ እግሯን ሳጥባት «አልነበረም» ትለኛለች፤ ቤት ሄዳ ያጣችው ሰው ይመስል። እስክታረጅ እንዲሁ ነበረች፤ በመጨረሻ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ተቀመጠች።

እሷን ልደታ ስቀብር ከጎኗ አንድ ሰው የሚሆን ቦታ አስከለልኩ። የዚያ ሰው መቃብር ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ዐይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ። ባለፈው ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪዎች አንዱ መጥተው፣ መቃብሩ ስለጠበበ ያንን ባዶ ቦታ ለሌላ ሟች እንድለቅ በትሕትና ጠየቁኝ።

«አይሆንም፣ አባቴ» አልኳቸው። «ሰው አለው።»