ወባ ያልሆነው ላብ

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር፣ የአስራ አንደኛ ክፍል የመንፈቅ እረፍት ላይ ነው። የማልረሳው ኮንጋ በምትባል የቡና መንደር ያለች አንዲት ሴት እስካሁን ስለማታናግረኝ ነው። እኔ ግን ታሪኩን ስጽፈው እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ዲላ ነው የምኖረው። አክስቴ ኮንጋ ስላለች ጌዴኦኛ እንደ ውሃ ነው የምጠጣው። ዶክተር ሰብለ የምትባል ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥታ አስተርጓሚ ስትፈልግ እኔን ይዛ ወደ ኮንጋ ሄደች። የምታጠናው የወር አበባ መቋረጥና ጭንቀት የሴትን ሰውነት ምን እንደሚያደርጉት ነው። ሴቶቹን ትጠይቅና ምራቃቸውን በትንሽዬ ብልቃጥ ትቀበላለች። ጭንቀት በምራቅ ይለካል አሉ!

ቡና ማጠቢያው ጋ ስንደርስ ሴቶች ቡናው በሚሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ዙሪያ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። ዶክተሯ «አንድ በአንድ፣ ራቅ አድርገሽ አናግሪያቸው» ብላኛለች። የእኔ ጉራ ግን ሌላ ነው። እዚያው አልጋው ጋ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ እትዬ ዘነበች የምትባለዋን «የወር አበባዎ ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነው?» አልኳት።

ለካ ከኋላዬ ጆንያ ተሸክሞ የቆመው አማቿ ነው፣ የልጇ ባል። አማች ፊት እንኳን ይሄ ሊነሳ፣ ጮክ ብሎ መሳቅም ነውር ነው። ሰውዬው ጆንያውን ጥሎ ሄደ።

እትዬ ዘነበች ቡናውን አፍሳ ፊቴ ላይ በተነችው።

«አንቺ ትናንት የተወለድሽ! እናትሽንም እንዲህ ነው የምትጠይቂያት?»

«ምራቃችንንስ ምን ሊያደርጉት ነው? ሊያስደግሙብን ነው!» አለች ሌላዋ፤ የብልቃጦቹን ሳጥን በእግሯ መታችው። ብልቃጡ ሁሉ መሬት ላይ ተዘራ። ዶክተሯ ይቅርታ ብትል ማን ሰምቷት! እኔ ሼም ሊገድለኝ ነው።

በዚህ መሃል እትዬ ዘነበች ፊቷ ቀላ። ላቡ በአንገቷ ወረደ፣ ነጠላዋን አውልቃ ጣለች። የለቃሚዎቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ሮጦ መጣ።

«ይኸው ወባሽ ተነሳ! ሁለቴ ወደ ቤት ሰድጄሻለሁ። ሦስተኛ ከሆነ አትመለሽም ብዬሻለሁ። ውጪ!»

«ጤና ጣቢያ ደሜን አይተው ወባ የለብሽም ይሉኛል። ኪኒኑንም ገዝቼ ውጫለሁ፣ አልለቀኝም እኮ» አለች። ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ።

ይህንን ለዶክተሯ ስነግራት ወደ እኔ ጠጋ ብላ «እንግዲያው ወባ አይደለም። የወር አበባ ሲቋረጥ ብዙ ሴቶችን እንዲህ ያለ ሙቀት ይይዛቸዋል። ንገሪያት» አለችኝ።

አሁንም እኔው! ግን በዚህኛው ጊዜ ጆሮዋ ስር ተጠግቼ፣ በሹክሹክታ ነገርኳት። ወደ ካቦው ዞረች። ከዚያ እኔ ስላልኩት የሰደበችኝን ነገር ራሷ ጮኸችው!

«ሰማህ? ወባ አይደለም! የወር አበባዬ ስለቆመ ነው! እናትህንም ይዟታል፣ ሚስትህንም ይይዛታል። እነሱንም ውጡ በላቸው!»

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ካቦውን አዩት። እሱም ቡና ወደሚመዘንበት ሄደ።

ዶክተሯ ንጹህ ብልቃጥ አወጣች። እትዬ ዘነበች እኔን እያየች እንትፍ አለችበትና ለዶክተሯ ሰጠቻት።

«ለእሷ ነው የሰጠሁት። አንቺ መጀመሪያ አፍሽን ያዢ።»

በዚያን ቀን ከእሷ በቀር ማንም ምራቁን አልሰጠንም።

በቅርቡ አክስቴ ጋ ስሄድ በማጠቢያው በኩል አለፍኩ። እትዬ ዘነበች ያው አልጋዋ ጋ ቆማ ትለቅማለች። ሰላም አልኳት፣ ፊቷን አዞረችብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነውና አልተከፋሁም። ካቦው ከዚያ አልጋ እንዳላባረራት ማየቴ ግን እስከ አክስቴ ቤት ድረስ ብቻዬን አሳቀኝ።