በአንድ ግቢ ያጠባናቸው ልጆች

ባለፈው ሳምንት ጉብራው ተነሳ። ጉብራ የምንለው በዚህ በዓረብ አገር፣ በጂዛን ሜዳ በሐምሌና በነሐሴ የሚነሳውን የአቧራ ነፋስ ነው፤ አገር ቤት ዶፍ ሲወርድ እዚህ በጋ ነው፤ አፈር ይወርዳል። ከቀትር በኋላ መብራቱም ድርግም አለ። የልጄ የጀማል ልጆች ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ በየክፍላቸው፣ በየማቀዝቀዣቸው ሥር፣ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ነበር የከረሙት። መብራቱ ሲጠፋ ግን አንድ በአንድ ወደ እኔ ክፍል መጡ። ወለሉን ውሃ ረጭቼ ምንጣፍ ዘርግቼበት ነበርና እግር ከራስ፣ ራስ ከሆድ ተደበላልቀው ተጋደሙ።

"እማማ፣ ድሮ ያለ ማቀዝቀዣ እንዴት ነበር የምትኖሩት?" አለችኝ ትንሿ።

"እንዲህ ተደራርበን ነዋ!" አልኳት። ወላሂ፣ መብራቱ ቶሎ እንዳይመጣ በልቤ ዱዓ አድርጌያለሁ።

ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ብሆን ነው። ባሌ ሰይድ፣ አሐድ አል-መሳርሐ ከምትባል ከተማ ዳር ባለ እርሻ ላይ ይሠራ ነበር፤ ባምያ፣ ሐብሐብና ቲማቲም የሚለማበት፣ ከብትም ያለበት እርሻ። ከፊሉ፣ ማለቴ አሠሪያችን፣ ከእርሻው ጥግ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰጥቶን ነበር። በአንዱ እኛ፣ በሌላው እትዬ ዘይነባና ባሏ ዓሊ ከልጆቻቸው ጋር። ሁላችንም የወሎ ሰዎች ነን። እኔ ገና ጀማልን መውለዴ ነው፤ እሷ ግን ሰባተኛዋን፣ ሃያትን፣ ታቅፋለች። ሃያትና ጀማል በአንድ ወር ነው የተወለዱት።

የዚያን ግቢ በጋ ላየ ሰው! ፀሐይ ሳትበረታ ልጆቹ ወደ እርሻው ይሮጣሉ፤ ለገበያ ያልሆነውን፣ የተሰነጠቀውን ሐብሐብ ተሸክመው ይመጣሉ። መሬት ላይ ጥለው በጡጫ ይከፍቱትና ፊታቸውን ቀብረው ይበሉታል። ውሃ የሚያመጣው መኪና ሲመጣ ደግሞ ከቱቦው በሚያፈሰው ውሃ ሥር ይራገጣሉ። ግቢው ውስጥ የዚህ አገር ሰው የሚተኛባቸው ረጃጅም የገመድ አልጋዎች ነበሩን፤ ከላይ ሦስት አራት ልጅ፣ ከሥር ጥላው ላይ ፍየሎቹ።

እትዬ ዘይነባ ልጅ አያያዝ ታውቅበታለች። ለእያንዳንዱ ትልቅ ልጅ አንድ ትንሽ ልጅ አከፋፍላለች፤ ትንሹ ከወደቀ ትልቁ ይጠየቃል። ማታ በአንድ ሳፋ በተራ ታጥባቸዋለች፣ በአንድ ትሪ ታበላቸዋለች። አንድ ቀን አጥባ፣ አብልታ፣ አስተኝታ ስታበቃ አንዱን ፊት አላወቀችውም፤ ለካስ የጎረቤት ዓረብ ልጅ ከኛዎቹ ጋር ተሰልፎ ኖሯል! እናቱ እየጮኸች ስትፈልገው መጥታ፣ ጠግቦ ተኝቶ ብታገኘው በሳቅ ፈረሰች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ዘይነባ ለብቻዋ የተሸከመችው ግን ጌጧ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስባታል፤ ዘመድ ማጣት። ሁለታችንም እርጉዝ ሳለን አንድ ቀን ባምያ እየቀነጠስን "ሰዓዳ፣ አንዳችን ወንድ አንዳችን ሴት ከወለድን እንጋባ" አለችኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ "እሺ" አልኩ። እሷ ግን ቀልድ አላወቀችም። "እኔ ከወንድም ከእህት ተቆርጬ ባሕር ተሻግሬያለሁ። ነገ ከፊሉ እናንተን ወደ ሌላ እርሻ ቢሰዳችሁ ትረሺኛለሽ። ጋብቻ ግን አይረሳም" አለችኝ። እሷ ሴት፣ እኔ ወንድ ስንወልድ ደስታዋን አልቻለችውም። ከዚያ ወዲያ ገና ጥርስ ያላበቀለችውን ሃያትን "ምራትሽ" እያለች ነው የምታቀብለኝ።

በኛ በእስልምና ደግሞ አንድ ጡት ደጋግመው የጠቡ ልጆች እህትና ወንድም ናቸው፤ ኒካህ አይታሰርላቸውም። በዚያ ሁሉ ልጅ መሐል፣ እንቅልፍ ያናወዛት እናት የራሷ መስሏት የሌላዋን ብታነሳ ማን ያውቃል? ስለዚህ ዘይነባ ሃያት እግር ላይ ቀይ ክር አሰረች። "እንዳትሳሳቺ፤ ክር ያላት አማት የምትሆኚላት ናት" ትለኛለች። እስቃለሁ፤ ግን እጠነቀቃለሁ።

በዚያው በጋ ጉብራው እንደ ዘንድሮው በረታ። ወንዶቹ ከብቱን ይዘው ሣር ፍለጋ ወደ አል-ዒዳቢ፣ ወደ ተራራው ግርጌ ወጥተው ነበር። ዘይነባን ንዳድ ያዛት። ትንቀጠቀጣለች፣ ያልባታል፣ ትቃዣለች። በሦስተኛው ቀን ጡቷ ደረቀ። ለሃያት የቆርቆሮ ወተት በጠበጥንላት፤ አስመለሳት። የፍየል ወተት በውሃ አቅጥነን ሰጠናት፤ አስቀመጣት። ሐኪም ቤት እንዳልወስዳት መኪና የለ፣ መንገዱ በአቧራ ተደፍኖ እጅን ዘርግቶ ጣትን ማየት አይቻልም። መስኮቱ ላይ እርጥብ አንሶላ ሰቅለን፣ ሁሉንም ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ከትተን ተቀመጥን።

እኔ ጀማልን አጥብቼ እንዳስተኛሁ የዘይነባ ትልቋ ልጅ ፋጡማ ሃያትን ታቅፋ ከፊቴ ቆመች።

"እቴ ሰዓዳ፣ ሃያት አላለቅስ አለች።"

ተቀብዬ አየኋት። ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ እጇን ባነሳው ተመልሶ ይወድቃል። ጡቴ ደግሞ ሞልቶ ቀሚሴን አርሶታል። ያንን ይዤ ቁጭ ብዬ ልያት? ደረቴን ገለጥኩ።

ዘይነባ ከአልጋዋ ቀና አለች። እንዴት እንደቻለች አላህ ያውቃል። "ተይ! ሰዓዳ፣ በአላህ ተይ! ምራትሽ ናት! ዓሊ ዛሬ ይመጣል፣ መኪና ያመጣል፣ ትንሽ ጠብቂ!"

"ለልጄ ሬሳ አላጭለትም!" አልኳት ጮኼ። "ትኑርና እህቱ ትሁን! ኸላስ፣ በቃ!"

ታላቄ ናት፤ ከዚያ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌባት አላውቅም። ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በንዳዱ ይሁን በልቅሶ አልለየሁም።

ሃያት መጀመሪያ ጡት መያዝ አቃታት። ከንፈሯ ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁላት። ላሰች። እንደገና ጠብ አደረግሁ። ከዚያ ያዘች፣ ሳበች፣ ያ አላህ! እንዴት እንደሳበች! ልጆቹ ከበውኝ ትንፋሽ ሳያሰሙ ያያሉ። እኔ እንባዬ እየወረደ እስቃለሁ። ጉሮሮዋ ውስጥ ሲወርድ ሲሰማ ከወንድሞቿ ትንሹ አጨበጨበ።

"አሁን ጀማል ወንድማችን ሆነ ማለት ነው?" አለ።

"የሃያት ወንድም ነው የሆነው። የኛ አይደለም፤ እሱ የእማን ጡት አልጠባም" አለችው ፋጡማ፣ ከቁርአን ቤት የሰማችውን እያስታወሰች።

"ለሷ ብቻ? ይሄማ አድሎ ነው!" ብሎ አኮረፈ።

ወንዶቹ የተመለሱት ነፋሱ ካረፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ሃያትን ቀንም ማታም ደጋግሜ አጠባኋት፤ ጉንጯ ተመለሰ፣ ጩኸቷም ተመለሰ። ዓሊ ነገሩን ሲሰማ ሱጁድ ወረደ። ዘይነባንም ወስደው አሳከሟት፤ ዳነች። ግን አታናግረኝም። ምግብ ሠርታ ከፊቴ ታስቀምጣለች፣ የጀማልን ልብስ ከልጆቿ ልብስ ጋር ታጥባለች፣ ቃል ግን የለም። ኩርፊያዋ ከጉብራው ባሰብኝ። ልጇን ስላዳንኩ እንዳልተቀየመችኝ አውቃለሁ፤ ያጣችው ሌላ ነገር ነው። ዘመድ አደርጋታለሁ ያለቻት ሴት ከእጇ ያመለጠች መስሏት ነበር። እኔም ከፋኝ፤ እኔስ በዚያ አገር ከሷ ሌላ ማን ነበረኝ?

ቀልድ ነው የምችለው፤ በቀልድ ሞከርኳት። "እትዬ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ሃያት ብቻ ናት እህቱ የሆነችው። አንቺ እንደሆንሽ አትቦዝኚም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሴት ትወልጂና እሷን እንድርለታለን።"

ልብስ ማጠቧን ቀጠለች። ነገሬን ግን እያሰላሰለች ከረመች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ጥላ ሥር ሐብሐብ ይበላሉ፤ ጀማል ጭኔ ላይ ተኝቷል። ዘይነባ መጣችና ከፊቴ ቆመች። ጡቷ ከተመለሰ ቀናት ሆኖታል። ጎንበስ ብላ ልጄን አነሳች፣ የገመድ አልጋው ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ ቢስሚላህ አለችና ጡቷን አጎረሰችው።

ክው አልኩ። እኔ ያደረግሁት አንድ በር ዘጋ፤ እሷ የምታደርገው ሁሉንም መዝጋቱ ነው። ጀማል ከሷ ከጠባ የወለደቻቸውም፣ የምትወልዳቸውም ሁሉ እህቶቹና ወንድሞቹ ናቸው። ጋብቻ የሚባል ነገር በሁለታችን ቤት መሐል ላይኖር ነው።

"እትዬ ዘይነባ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ግማሽ ዝምድና አልወድም" አለችኝ። "ከተዛመድን እንዛመድ።"

ልጆቹ ሐብሐባቸውን ጥለው መጡ። ያኮረፈው ልጅ የጀማልን እግር ይዞ "አሁንስ የኛ ነው?" አለ። "የናንተ ነው" አለች ዘይነባ፤ "በየተራ ታዝሉታላችሁ፣ ያላ!" እኔ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች፤ ጀማል ብቻ ሥራውን አላቋረጠም። ከዚያ በኋላም ደጋግማ አጠባችው፤ ነገሩ ፍጹም እንዲሆን።

ኋላ ሁለት ልጆች ጨመረች። ሁሉም ዛሬ በየፊናቸው ናቸው፤ ገሚሱ አገር ቤት፣ ገሚሱ ሪያድና ጅዳ። ዓሊ ቀድሞ ሞተ። ዘይነባ የሞተችው አምና ነው፣ እዚሁ። የወለደቻቸው ወንዶች ልጆች ቀብሩ ላይ አልደረሱላትም። ሴት ቀብር አትወጣምና የሆነውን የሰማሁት ከጀማል ነው። ሴትን ወደ ጉድጓዱ የሚያወርዳት ጋብቻ የማይፈቀድለት የቅርብ ዘመዷ፣ መሕረሟ፣ ነውና ሰዎቹ "መሕረሟ ማነው? ማነው የሚያወርዳት?" ብለው ሲጠይቁ "እኔ ነኝ፤ እናቴ ናት" አለ። ጫማውን አውልቆ ወርዶ በእጁ ተቀበላት። ወደ ቤት ሲገባ ጉልበቱ አፈር ነበር። "እማ፣ በጣም ቀላል ነበረች" ብሎኝ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። በዚያ ጉብራ ሃያት ባትታመም ኖሮ ዘይነባ የተመኘችውን ታገኝ ነበር፤ ጀማል አማቿ ይሆን ነበር። አማችም ወደ ጉድጓዱ መውረድ ይፈቀድለታል። አማች ሆኖ ግን እንዲያ አያለቅስም ነበር።