በእንግሊዝኛ የነደደው ዕቃ ቤት

የተማርኩበት የግል ትምህርት ቤት ካዛንቺስ ውስጥ ከአንድ ነጋዴ የተከራዩት መኖሪያ ቤት ነበር። እኛ አራተኛ ክፍሎች የምንማረው ሳሎኑ ውስጥ ነው። ሦስተኛ ክፍሎች መኝታ ቤቱ ደረሳቸው፤ የዳይሬክተሯ ቢሮ ደግሞ ድሮ ወጥ ቤት ነበር። የትምህርት ቤቱ ስም ግን መጨረሻው ላይ «ኢንተርናሽናል» ይላል። ለዚህች ቃል ሲባል ግቢው ውስጥ አማርኛ መናገር ተከልክሏል።

ክልከላው ቀልድ አልነበረም። አማርኛ ሲያወራ የተያዘ ልጅ፣ አማርኛ መናገሩን በእንግሊዝኛ የሚገልጽ ካርቶን አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎለት ሰንደቁ ሥር ይንበረከካል። የካርቶኑ እንግሊዝኛ ስህተት እንደነበረበት ያወቅኩት ትምህርት ቤቱን ከለቀቅኩ በኋላ ነው። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «የእኔ ልጅ እኮ በህልሙም እንግሊዝኛ ነው የሚያወራው» ትል ነበር። በህልሜ ያወራሁትን እንጃ፤ በእውኔ ግን ምንም አላወራም። የእረፍት ሰዓታችን ለቅሶ ቤት ይመስላል። ኳስ ስንጫወት «ፓስ» እና «ጎል» ካልን በኋላ ቃል ያልቅብንና በእጅ መጠቋቆም እንጀምራለን። ሊጎበኙን የሚመጡ ወላጆች ደግሞ «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው» እያሉ ይመለሳሉ።

ሕጉን የሚያስከብረው ዩኒት ሊደራችን ነበር። ከግድግዳ ጀርባ የተንሾካሾኩትን አማርኛ የሚለይ ጆሮ ነበረው።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት፣ አብራኝ አንድ ዴስክ ላይ ከምትቀመጥ ልጅ ጋር ቧንቧው ጋ ቆመን ሳለን ከዕቃ ቤቱ በር ሥር ጢስ ሲወጣ አየን። ልጅቷ ቤቷ ትግርኛ፣ ሰፈር አማርኛ ነው የምታወራው፤ እንግሊዝኛ ሦስተኛዋ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ከሁላችንም ትደፍር ነበር። ሮጠን ሄድን። ዩኒት ሊደሩ በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣ ነው።

«ቲቸር» አለች እያለከለከች፣ «ስቶር ስሞኪንግ።»

«ሁ ኢዝ ስሞኪንግ?» አለ። ማነው የሚያጨሰው ማለቱ ነው።

«ስቶር፣ ቲቸር።»

ፊቱ በራ። ዕቃ ቤቱንም የግቢውን በርም የሚጠብቁትን ሽማግሌ ከድሮም አይወዳቸውም ነበር፤ ሲጋራ ሲያጨሱ የተያዙ መሰለው። ልጅቷ በእጇ ጢስ እየሠራች ልታስረዳው ሞከረች። እኔም ልረዳት አስቤ ነበር፤ ግን መጽሐፋችን ላይ ለኤፍ ፊደል የተሳለው ዓሣ እንጂ እሳት አልነበረም።

«ቲቸር፣ እሳት ነው» አለች በመጨረሻ፣ በአማርኛ።

«ላንጉዌጅ» አለ ጣቱን ቀስሮ። አማርኛ መሆኑን ሰማ እንጂ ምን እንደተባለ አልሰማም። ካርቶኑን አንገቷ ላይ አንጠልጥሎ ሰንደቁ ሥር አንበረከካት፤ ከዚያ ሽማግሌውን ሊገሥጽ ወደ ግቢው በር ሄደ። ሽማግሌው «እኔ ሲጋራ በእጄ ነክቼ አላውቅም» እያሉ ሲምሉለት የዕቃ ቤቱ መስኮት ፈነዳ።

ዳይሬክተሯ ከወጥ ቤታቸው ብቅ ብለው ነበልባሉን አዩ። ከእሳቸው አፍ አማርኛ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። «ኧረ የሰው ያለህ!» አሉ፤ ጥርት ያለ፣ የአገር ቤት አማርኛ ነበር።

የሰማው ጎረቤታችን ያለው መጠጥ ቤት ነው። እዚያ የሚሠሩትን ሴቶች ሰላም እንዳንል በጥብቅ ተነግሮናል። የአጥሩን ቆርቆሮ ገንጥለው፣ ባልዲና ጀሪካን ይዘው፣ ደንበኞቻቸውን አስከትለው ገቡ። የእሳት አደጋ መኪና ሳይደርስ አጠፉት። እኛ ግቢውን በአማርኛ ጩኸት ሞላነው። የአንዳንድ የክፍሌን ልጆች ድምፅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ጓደኛዬ ግን እንደተንበረከከች ነበር፤ ተነሺ ያላት የለም። ከሴቶቹ አንዷ አየቻትና አነሳቻት።

«ይሄ ምንድነው የኔ እናት?» አለቻት ካርቶኑን ይዛ።

«አማርኛ ስለተናገርኩ ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«እሳት ነው ብዬ።»

ሴትየዋ ዩኒት ሊደሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። ካርቶኑን ፍሙ ላይ ወረወረችው።

በማግስቱ ዳይሬክተሯ በሰልፍ ላይ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ ብቻ አማርኛ መፈቀዱን አወጁ። አስቸኳይ ጉዳይ ምን እንደሆነ ዩኒት ሊደሩ በእንግሊዝኛ ስላብራራው ማናችንም አልገባንም። በወላጆች ስብሰባም እሳቱ «በአስተዳደሩ ፈጣን እርምጃ» እንደጠፋ ተነገረና ተጨበጨበ። አባቴም አጨበጨበ። ስለ መጠጥ ቤቱ ሴቶች የተነሳ ነገር የለም፤ አጥሩ ግን በአዲስ ቆርቆሮ ከፍ ብሎ ተሠራ።

የጓደኛዬ እናት እጃቸውን አውጥተው «ልጄ ለምን ተንበረከከች?» ሲሉ ጠየቁ። ዳይሬክተሯ በእንግሊዝኛ ረጅም መልስ ሰጧቸው። እናትየው በትዕግሥት እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ከዚያ ተነስተው በትግርኛ፣ በትሕትና፣ ከዚያ የረዘመ መልስ መለሱላቸውና ተቀመጡ። ዳይሬክተሯ ሳይገባቸው «ታንክ ዩ» አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ጓደኛዬ ስታዲየም አካባቢ ወዳለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተዛወረች። አንድ ቅዳሜ ባምቢስ ሱፐርማርኬት ጋ ከእናቷ ጋር አገኘኋት።

«እዚያ አማርኛ ይፈቀዳል?» አልኳት በቅናት።

«እንደፈለግን ነው የምናወራው» አለች። «ግን ተጨናንቀን ስለምንቀመጥ ሁሉም ያወራል፣ ማንም አይሰማም። ቲቸሩም ተስፋ ቆርጧል።»

ደስ ብሏት ነበር።